ወንጪን በብስክሌትና በካያክ የሚል ፓኬጅ ልትገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከመስቀል ጀምሮ የጉዞ ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ይጎርፋል። አሁን አሁን ደግሞ «ተራራውን በብስክሌት፣ ሐይቁን በካያክ» (በመቅዘፊያ በምትነዳ ትንሽ ጀልባ) የሚል ፓኬጅ መጥቷል። መድረሻው ብዙ ጊዜ ወንጪ ነው፤ አንዳንዴም ደንዲ። ይህን ፓኬጅ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁን ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችሁን ይዛችሁ ልትሄዱ ያቀዳችሁ፣ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጽፈው ከእህቴ ጋር ሄጄ ያየሁትን ነው። የገንዘቡ ነገር ያናድዳል። የሚያስፈራው ግን በዚያ ቀን ሰው ሊሞት ይችል እንደነበር ሳስበው ነው።

ወንጪ ድንቅ ቦታ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ጥንት በፈነዳ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ዙሪያውን እንሰት፣ የገብስ ማሳና ፍል ውሃ ታያላችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ከታቀፈ ወዲህ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ገኗል። ስሙ ሲገን ሻጩም በዛ። ከሻጮቹ መካከል ግን አንድም ብስክሌት፣ አንድም ካያክ የሌለው አለ።

እኛ ያየነው ማስታወቂያ ሁሉን ያሟላ ነበር። ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት፣ ሄልሜት፣ ካያክ፣ የሠለጠነ ጋይድ፣ ምሳ፣ መግቢያ፣ ኢንሹራንስ ጭምር። ግማሹ በቀብድ፣ ቀሪው ከጉዞው ዋዜማ በፊት። ክፍያው በቴሌብር፣ በአንድ ግለሰብ ስም። ፎቶዎቹ ልብ ይሰርቃሉ። ከጉዞው ስመለስ በጉግል ሌንስ ስፈልጋቸው የካያኩ ፎቶ የውጭ አገር ሐይቅ ሆኖ አገኘሁት። የብስክሌቱም እንደዚያው። የወንጪ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከአፋፉ ላይ የተነሳ የሐይቁ ምስል።

በጉዞው ጠዋት ኮስተሩ ገና ከመነሳቱ «ነዳጅ ጨምሯል» ተብሎ ተጨማሪ ተጠየቅን። ያልከፈለ ይውረድ ተባለ። ሰው ቀብዱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ስለከፈለ ወዴት ይወርዳል? ሁሉም ከፈለ። እዚያ ስንደርስ መግቢያው በዋጋው ውስጥ አልተካተተም ተባለ። እሱንም ከፈልን። ይህን ይህን ቶሎ ልለፈው። ዋናው ጉዳይ ብስክሌቶቹ ናቸው።

በአይሱዙ ተጭነው የመጡት አስፋልት ላይ የሚነዱ አሮጌ ብስክሌቶች ነበሩ። የተወሰኑት ማርሻቸው አይቀይርም። የፍሬናቸው ጎማ አልቆ ብረቱ ከብረት ጋር የሚፋጭ ነበረበት። ሄልሜቱ ለግማሹ ሰው እንኳ አልበቃም። ያሉትም አንዱ ልክ ለሁሉም ነው፤ ማሰሪያቸው ላልቶ ጭንቅላት ላይ ይሽከረከራል። ጋይድ የተባለው ልጅ ወንጪን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንደሆነ ያወቅነው መንገዱን ባለፈረሶቹን ሲጠይቅ ነው።

ለምን እንዲህ እንደማከብደው ላስረዳ። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ ጠመዝማዛም ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ስትይዙ የፍሬኑ ጎማ ይግላል፣ ያልቃል። ጠዋት ጥሩ የነበረ ፍሬን እንኳ ታች ሲደርስ ሊላላ ይችላል። ጠዋትም ያልነበረው ደግሞ ከነጭራሹ አይዝም። አፈሩም ልብ ይሏል። በደረቁ ጊዜ ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው፤ ጎማው ይንሸራተታል። ጥቂት ዝናብ ከነካው ጭቃው ሳሙና ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ላለ መንገድ ሰፊና ጥርስ ያለው ጎማ፣ የሚሠራ የዲስክ ፍሬንና ልክ የሆነ ሄልሜት የግድ የሚሆነው። ከፍታው በራሱ ያደክማል። አዲስ አበባ የለመደ ሳንባ እንኳ እዚያ ቶሎ ይቆርጣል። የደከመ እጅ ደግሞ ፍሬን በደንብ አይጨብጥም።

የሆነውም ይኸው ነው። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ ኩርባው ላይ ፍሬኑ አልያዘላትም። ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጋር ተላተመች። የእጅ አንጓዋ ወዲያው አበጠ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይኖራል ብለን ጠየቅን። የለም። ኮስተሩስ? ሾፌሩ ምሳ ሊያመጣ ሄዷል። ጋይዱ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላል። በመጨረሻ የረዱን አንድ የአካባቢው አባት ናቸው። ፈረሳቸውን አምጥተው፣ ልጂቱን በነጠላቸው እጇን አስረው፣ ቀስ አድርገው እስከ አፋፉ አወጧት። ገንዘብ ስንሰጣቸው በግድ ነው የተቀበሉን። ልጂቱ ወሊሶ ሆስፒታል የደረሰችው በሌላ ቡድን መኪና ነው። አጥንቷ ተሰብሯል። የሕክምና ወጪውን የቻለችው ራሷ ናት። ያ ኢንሹራንስ የተባለው ነገር የውል ቁጥር ይሰጠን ሲባል «እሱ በቢሮ በኩል ነው» ተባለ። ቢሮው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ካያኩ አልተሰረዘም። ታች ስንደርስ ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ካያክ ነው ያለው። ሁለቱም በአየር የሚነፉ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱባቸው ዓይነት። አንዱ አየር ያስተነፍሳል። ላይፍ ጃኬቶቹ መቆለፊያቸው ተሰብሮ በገመድ ይታሰራሉ። ተራ ጠብቁ ተባልን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳም «ቶሎ ቶሎ በሉ» እንጂ «ይብቃ» ያለ የለም። ሁለት ወጣቶች ገብተው ነፋሱ ወደ መሐል ገፋቸው። መቅዘፍ አያውቁም፤ ያሳያቸውም የለም። ሲጮኹ ሰምተው በጀልባ ሄደው የጎተቷቸው ሰው ወደ ደሴቱ የሚያሻግሩት ባለጀልባዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ዋና አውቃለሁ የሚል ሰው እንዳይዘናጋ። ወንጪ ሐይቁ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው። ውሃው ብርድ ነው። ሰው በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሳያስበው ውሃ ይስባል። ቀጥሎ እጅና እግሩ ይደነዝዛል። በነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ፊቱን ከውሃ በላይ የሚያቆይለት ላይፍ ጃኬት ብቻ ነው። በገመድ የታሰረው ግን ውሃው ውስጥ ወደ ላይ ተንሸራቶ ይወልቃል። ልክ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ለብሳችሁ ከቆለፋችሁት በኋላ ሌላ ሰው ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳብላችሁ። አገጫችሁን አልፎ ከወጣ አትግቡበት።

ስንመለስ ገንዘባችንን ጠየቅን። መጀመሪያ «እናወራለን» ተባለ። ቀጥሎ «አገልግሎቱን ተጠቅማችኋል» ተባለ። ከዚያ ከግሩፑ አስወጡን፣ ብሎክም አደረጉን። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ስሙ ስለማይጠቅማችሁ ነው። ቻናሉ ተዘግቶ በሌላ ስም ተከፍቷል፤ ያው ፎቶ፣ ያው ጽሑፍ። ስም ይዛችሁ ብትሸሹ በሌላኛው ትያዛላችሁ። አሠራሩን ብታውቁ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦርጋናይዘር ነኝ የሚለው ሰው ያለው ስልክና ቻናል ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀብድ ይሰበስባል። በሰበሰበው ልክ መኪና ይከራያል። ብስክሌቱን ሰፈር ውስጥ በሰዓት ከሚያከራዩት በርካሽ ይወስዳል። ትርፉ ያለው እዚህ ነው፤ መሣሪያው በወረደ ቁጥር እሱ ያተርፋል። በአካባቢው ማኅበር ያሉትን አስጎብኚዎችና ባለፈረሶች አይቀጥርም፣ ምክንያቱም ይከፈላቸዋል። ቦታውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁት ሰዎች ዳር ቆመው ያያሉ። ችግር ሲመጣ ግን የሚጠሩት እነሱ ናቸው፣ ያውም በነፃ። ይህ ነው በጣም ያሳዘነኝ።

በደንብ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። እነሱን የምትለዩት በጥያቄ ነው። ብስክሌቱን ከመክፈሌ በፊት ላየው እችላለሁ ወይ በሏቸው። መሣሪያው ያለው ሰው ደስ ብሎት ያሳያችኋል። የሌለው «እዚያው ስትደርሱ ታያላችሁ» ይላል። ይህን መልስ ከሰማችሁ ተዉት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ። ብስክሌቱን ስታዩ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ወደ ፊት ግፉት። ጎማው ከዞረ ቁልቁለት አይወርድም። ካያኩ ስንት እንደሆነ፣ ሰው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ ላይ አብሮ የሚሆን ጀልባ አለ ወይ? ነፋስ ከተነሳ ማነው የሚያስቆመው? ሰው ቢጎዳ አምቦ ነው ወሊሶ የምትወስዱን፣ በየትኛው መኪና? ይህን አስቦበት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል። ውሃውን በጠዋት፣ ብስክሌቱን ቀጥሎ የሚያደርግ ፕሮግራም ከሆነ ቦታውን የሚያውቅ ሰው እንዳወጣው ገምቱ።

የወረቀቱም ነገር አለ። አስጎብኚ ድርጅት የንግድ ፈቃድና ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ቲን የምንለውን፣ ጠይቁት። በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ ፈቃዱ መኖሩንና የሥራ ዘርፉን ማየት ትችላላችሁ። ክፍያው በግለሰብ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይሁን፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ኢንሹራንስ አለ ካሉ የመድን ድርጅቱን ስምና የውል ቁጥሩን በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ማስታወቂያውን ደግሞ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ። ቻናሉ ሲጠፋ ቃል የተገባላችሁ ነገርም አብሮ ይጠፋል።

ቀድሞ የተበላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰባችሁ ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። አቤቱታውን በየአካባቢያችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማስገባት ትችላላችሁ። የቴሌብሩን የክፍያ ቁጥር፣ የቻቱን ስክሪንሾትና ካለ ፎቶና ቪዲዮ አያይዙ። የገንዘቡ ተቀባይ ስም ቴሌብሩ ላይ ስላለ ቻናል መቀየሩ አያድነውም።

እኔና እህቴ አቤቱታችንን አስገብተናል። እጇ የተሰበረው ልጅም የሕክምና ወረቀቷን ሰጥታናለች። በዚያው ጉዞ የነበራችሁ ወይም በተመሳሳይ ፎቶ ሌላ ቻናል ላይ የከፈላችሁ ካላችሁ የክፍያ ማረጋገጫችሁን ይዛችሁ ጻፉልኝ። ብቻ ለብቻ ከምንሮጥ ፋይሉን አንድ ላይ እናስገባው።