አርኤክስ 6600 ከተራ ኤስኤስዲ ጋር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የጨዋታ ኮምፒውተሬን ለማሻሻል የያዝኩት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ወይ ባለ 4 ጊጋባይቱን ጂቲኤክስ 1650 የግራፊክስ ካርዴን (የጨዋታውን ምስል የሚሠራውን) በአርኤክስ 6600 መለወጥ፣ ወይ ጨዋታዎቹ የሚቀመጡበትን ሳታ የሚባል ተራ ኤስኤስዲዬን አውጥቼ በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት ገደማ በሚያነብ፣ ኤንቪኤምኢ በሚባል ፈጣን ኤስኤስዲ መተካት። ካርዱን መረጥኩ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ቤት ስጠቀምበት ቆይቻለሁ።

ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ኤስኤስዲው ያማልላል። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ብዙም ስለማያልፍ አዲሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው። ነገር ግን ጨዋታ ሲከፈት ጊዜ የሚበላው ማንበቡ ብቻ አይደለም፤ ታምቆ የተቀመጠውን ፋይል መፍታትና ማሰናዳትም አለ፣ ይህን ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ነው። በዚህ ምክንያት የጓደኛዬ ኤንቪኤምኢና የእኔ ሳታ ያንኑ ጨዋታ ሲከፍቱ የሚቀዳደሙት በጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላማ ልዩነቱ አይታወቅም። ማይክሮሶፍት ይህን ማነቆ ለማላላት እ.ኤ.አ. በ2022 ዳይሬክት ስቶሬጅ የተባለውን ቴክኖሎጂ ለኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪዎች ቢያቀርብም በአግባቡ የተጠቀሙበት ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው።

ማዘርቦርዱም የራሱ ገደብ አለው። የእኔው ቢ450 ሲሆን የሚደግፈው ሦስተኛውን የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱና ኤንቪኤምኢው ከማዘርቦርዱ ጋር መረጃ የሚለዋወጡበት መንገድ) ትውልድ ነው፤ ውዱን ኤንቪኤምኢ ብሰካበት በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆም ነበር። ይኸው ገደብ ስምንት የመረጃ መስመር ብቻ የሚጠቀመውን አርኤክስ 6600ንም በትንሹ ይነካዋል፤ ሆኖም በዓይን የሚታይ ጉዳት አላየሁበትም።

ካርዱ ያመጣው ለውጥ ግን ክርክር አያስነሳም። በ1080ፒ የምስል ጥራት በሰከንድ ከቀድሞው ካርዴ እጥፍ ገደማ ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ይሰጣል። በቀድሞው ካርድ፣ በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ጎል ተቆጥሮ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ ዓለማቸው ሰፊ በሆኑ ጨዋታዎች ደግሞ በመኪና ሲከነፍ መንገዱ ደብዝዞ ይቆይና ዘግይቶ ጥርት ይል ነበር። ይህን ያዩ ሁሉ «ዲስክህ ቀርፋፋ ነው» ይሉኝ ነበር። ኤስኤስዲውን ሳልነካ ካርዱን ብቻ ስለውጥ ችግሩ ጠፋ። የቀድሞው ካርድ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲሞላ የተረፈው ምስል ወደ ዋናው ራም ይገፋና በየጊዜው ይመላለሳል፤ ላግ የሚያደርገው ይህ ምልልስ ነበር። በአዲሱ ካርድ 8 ጊጋባይት ለጊዜው ተንፍሻለሁ፤ አዳዲሶቹ ጨዋታዎች ግን ይህንንም መሙላት ጀምረዋል። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነተኛው የሚያሰላ ዘዴ) ላይ ካርዱ ደካማ ስለሆነ አጥፍቼዋለሁ፣ አልናፈቀኝምም።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት የኃይል ፍጆታው ትልቅ ነገር ነው። ካርዱ የሚወስደው 132 ዋት ስለሆነ መብራት ድንገት ሲጠፋ ትንሹ ዩፒኤሴ (በባትሪ ኃይል የሚያቆየው መሣሪያ) ጨዋታውን ሴቭ አድርጌ እስክዘጋ ያቆየኛል፤ 300 ዋት የሚበላ ካርድ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታሰብም። ሙቀቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ ፋን የሚያወጣው ሙቀት በዝቅተኛ ቦታ ከሚያወጣው ያንሳል። በዚያ ላይ ማታ መስኮት ከተከፈተ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ትንኝ ብርሃኑን ተከትሎ ይገባል። የኮምፒውተሩን ጎን ስከፍት በፋኑ ክንፎች ላይ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ አገኘሁት፤ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ አየር በሚገባበት በኩል የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ወጠርኩ። ካርዱ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምርም ንጹሕ ነው።

ስቶሬጅ ላይ ያሳሰበኝ መጠኑ ነው። ከ100 ጊጋባይት የሚበልጥ ጨዋታ አጥፍቶ እንደገና ማውረድ በእኛ የዳታ ዋጋ ቀልድ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንገለብጠው ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ያ ደግሞ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ቢሰጥ ነው፣ ተቀባዩ ምንም ቢፈጥን ለውጥ የለውም። ስለዚህ ከ500 ጊጋባይት ፈጣን ኤንቪኤምኢ ይልቅ 1 ቴራባይት ተራ ኤስኤስዲ ይሻለኛል።

ይህ ሁሉ ግን ኤስኤስዲ ላለው ሰው ነው። ጨዋታውን አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከካርዱ በፊት ኤስኤስዲ ይግዛ፤ ስታርፊልድ የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፣ ሳይበርፐንክ 2077 ደግሞ ከ2023ቱ ማሻሻያው ወዲህ፣ በዝቅተኛው መስፈርታቸው ላይ ኤስኤስዲ ጠይቀዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ኤንቪኤምኢ የሚሰካበት ባዶ የኤም.2 ቦታ ካለና የሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ በሳታው ዋጋ ከተገኘም ሳታ የሚገዛበት ምክንያት የለም።