ጥቁሩ ውሻ እና የአክስቴ ጭስ

ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ለማስረዳት ስሞክር የሚያስቸግረኝ ቃሉ ራሱ ነው። «ድብርት» ስል እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም የሚጫጫነን ስሜት ይመስላቸዋል፤ «የአእምሮ ሕመም» ስል ደግሞ ልብሱን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ይታያቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጥቁር ውሻ ነበረኝ፤ ስሙም ድባቴ» የተሰኘው አኒሜሽን በዚህ ረገድ ከየትኛውም በራሪ ወረቀት በላይ ረድቶኛል። ጽሑፉም ሥዕሉም የማቲው ጆንስተን ነው፤ ሕመሙን በራሱ ላይ ያየ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በአራት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ውሻው የሰውየውን የምግብ ፍላጎት ይበላል፣ ትውስታውን ያኝካል፣ ሌሊት እየቀሰቀሰ ያንኑ ክፉ ሐሳብ ያመላልስበታል። ሰውየው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው እንዳይታወቅበት ነው። ድባቴ ሲብስ ማዘን ሳይሆን ጭራሽ ምንም አለመሰማት መሆኑን የሚናገርበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ አቆመዋለሁ፤ ታካሚዎቼ ቀና ብለው የሚያዩኝ እዚያ ላይ ነው። መድኃኒት ለአንዳንዱ እንደሚረዳ፣ ለሌላው ሌላ መንገድ እንደሚያስፈልግም ሳይሸፋፍን ይናገራል። ውሻው በመጨረሻ አይሞትም፤ ይገራል። ይህ እውነት ነው።

ጉድለቱን ያየሁት ከቤተሰብ ጋር ስመለከተው ነው። አክስቴ ከሰው ከራቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለቅሶ እንኳ መድረስ ትተዋል። ድምፁን ቀንሼ እኔ በአማርኛ እየተረክሁ በስልኬ አሳየኋቸው። ውሻው ገዝፎ ሲመጣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «በስመ አብ! ይኼማ ሰይጣን ነው» አሉ። አቁሜ እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት ያለ በሽታ መሆኑን፣ ጸበሉንም ሕክምናውንም አብረው መያዝ እንደሚችሉ ማስረዳት ነበረብኝ። ስለዚህ ለእናት ለአባታችሁ ልካችሁ ዝም አትበሉ፤ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ሌላው፣ የእኛ ሰው «ራሴን ይወግረኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» እያለ ነው የሚመጣው፤ ፊልሙ ግን ይበልጥ የሚያተኩረው ሐሳብና ስሜት ላይ ነው።

አልቆ ስልኩን ሳስቀምጥ አክስቴ ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። «የእኔስ ውሻ አይደለም፤ የእርጥብ እንጨት ጭስ ነው። ጓዳ ገብቶ አልወጣ ያለ» አሉኝ። በማግስቱ ሕክምና አብረን ሄድን።

ያንን ጭስ የሚሥል የአኒሜሽን ባለሙያ ካለ፣ ትረካውን እኔ በነጻ አነባለሁ።