ስድስት ሆኖ መቅዘፍ ወይስ ብቻን?

መቅዘፍ የለመድኩት ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በሐይቅ ነው። ጠዋት ውኃው መስታወት ነው። ውቅያኖስ ግን ሌላ ነገር ነው።

በሃዋይ ከሞሎካይ ደሴት ወደ ኦዋሁ ደሴት የሚደረገው የቀዘፋ ውድድር በ1952 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ርቀቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዋ በጣም ጠባብ ስለሆነች በአንድ ጎኗ ተንሳፋፊ ድጋፍ ታስሮላታል። እሱ ባይኖር ትገለበጣለች።

በስድስት ሰው ጀልባ ነገሩ እንደኛ ጅጌ ነው። አንዱ ይጠራል፣ ሁሉም እኩል ይቀዝፋል። በየ12 እስከ 16 ምቱ መቅዘፊያው ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። ከኋላ ያለው አቅጣጫ ይይዛል። ቡድኑ ግን ዘጠኝ ነው። ተቀያሪዎቹ ከአጃቢ ጀልባ ባሕር ውስጥ ዘለው ይጠብቃሉ። የደከሙት በአንድ ጎን ሲወርዱ እነሱ በሌላው ይወጣሉ። ጀልባዋ ሳትቆም! ይሄን ሳስብ ልቤ ይመታል።

ለብቻ የሚቀዘፈው ጀልባ ክብደቱ ቀላል ነው፤ አቅጣጫውን በእግር መርገጫ ትይዛለህ። ማዕበሉን ራስህ ታነባለህ። ይሄ ነፃነት ደስ ይላል። ክንድህ ሲዝል ግን «አይዞህ» የሚልህ የለም።

እኔ ስድስቱን እመርጣለሁ። ጅጌ ላይ ያደገ ሰው ብቻውን መሥራት አይሆንለትም።