እርጥብ እንጨት ለአኳሪየም፦ ቀቅሎ መክተት ወይስ አድርቆ መጠበቅ?

ከጓሮ የተቆረጠ የዘይቱን ቅርንጫፍ አኳሪየም (የአሳ መስታወት ገንዳ) ውስጥ ሲገባ በጣም ያምራል፣ ግን እርጥቡን ቀቅሎ ወዲያው መክተት ነው ወይስ አድርቆ መጠበቅ? እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

መቀቀሉ ፈጣን ነው፣ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል እያንተከተካችሁ ውሃውን ስትቀይሩት እንደ ሻይ የሚጠቁረው ቀለም ይቀንሳል፣ ነፍሳቱም ይሞታሉ፣ እንጨቱም ቶሎ ይሰምጣል። ችግሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽና ስኳር ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የኔው በሁለተኛው ሳምንት ልጡ ለስልሶ በጥፍር ሲነካ እየተላጠ መጣ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ አሶቹም አፋቸውን ከፍተው ላይ ላዩን ሆኑ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይሻሟቸዋል።

ማድረቁ ትእግስት ይፈልጋል። ልጡን ገና እርጥብ እያለ ትልጡታላችሁ (ያኔ ነው በቀላሉ የሚላጠው)፣ ከዛ ንፋስ ያለበት ጥላ ላይ ለወራት ትተዉታላችሁ፣ ሲሰበር ቀጭ ካለና ውስጡ አረንጓዴ ካልሆነ ደርሷል። ደረቅ ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ድንጋይ ጭናችሁ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት።

እኔ ማድረቁን ነው የምመርጠው፣ መቀቀል ከደረቀ በኋላ ቢጨመር አሪፍ ነው እንጂ ማድረቅን አይተካም። ጥድና ባህር ዛፍ ግን ሙጫና ዘይት ስላላቸው በየትኛውም መንገድ አትሞክሯቸው።