ኤፒቲ-ኢ ወይስ ኤፒቲ-ፒ፦ የሚያዘነብለውን የእንግሊዝ ባቡር በሞዴል ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

በሞዴል ባቡር ንግድ የተለመደው ስሌት ግልጽ ነው። ሻጋታ ማሠራት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ አምራቹ በርካታ ቁጥር ያለውና በየዘመኑ ቀለሙን የቀያየረ ባቡር ይመርጣል፤ ሻጋታው አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ቁጥርና ቀለም እየለዋወጠ ያንኑ ዕቃ ለዓመታት ይሸጠዋል። በመታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ መንገደኛው ወደ ጎን እንዳይገፋ አካሉን ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው የእንግሊዙ የሙከራ ባቡር ኤፒቲ-ኢ (ኤፒቲ በእንግሊዝኛ «የላቀ የመንገደኛ ባቡር» የሚለው ስም ምኅጻር ነው፤ ኢ «የሙከራ»፣ ፒ ደግሞ «ናሙና» ማለት ነው) ግን ለዚህ ስሌት ፈጽሞ የማይመች ነው። የተሠራው አንድ ብቻ ነው፤ ያገለገለው ከ1972 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ በመደበኛ አገልግሎት ላይ መንገደኛ አሳፍሮም አያውቅም። ይህም ሆኖ የካናዳው ራፒዶ ትሬንስ በ2010ሮቹ አጋማሽ፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም የሞዴል ሽያጭ ክንፍ ከሆነው ከሎኮሞሽን ሞዴልስ ጋር ሆኖ ሞዴሉን ሲያወጣ፣ ብዙዎች ለአሥርተ ዓመታት «ማንም አይሠራውም» ብለው ተስፋ የቆረጡበት ባቡር ስለነበረ ጉጉቱ ከፍተኛ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የእንግሊዙ የሞዴል አምራች ሆርንቢ ተከታዩን ባቡር፣ ኤፒቲ-ፒን፣ በአዲስ ሻጋታ እንደሚያወጣ በ2020 አስታወቀ። ዛሬ ገዢው በገበያው ላይ ሁለቱን፣ እንዲሁም ሆርንቢ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሠራውን አሮጌ ኤፒቲ-ፒ፣ ጎን ለጎን ሊያገኝ ይችላል። ሦስቱም በ1 ለ76 መጠን ተሠርተው 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዋናዎቹ ባቡሮች ነው። ኤፒቲ-ኢ ደርቢ ከተማ የሚገኘው የብሪቲሽ ሬል (የያኔው የመንግሥት ባቡር ድርጅት) የምርምር ክፍል የሠራው ተንቀሳቃሽ ላቦራቶሪ ነበር። አራት ፉርጎዎች ብቻ ነበሩት፤ ጫፍና ጫፍ ያሉት ሁለቱ ኃይል ሰጪዎች ሲሆኑ መካከለኞቹ በአብዛኛው የመለኪያ መሣሪያ የተጫነባቸው ነበሩ። ኃይሉን ያገኝ የነበረው ሌይላንድ ለጭነት መኪና ካዘጋጃቸው የጋዝ ተርባይኖች ነው። በሐምሌ 1972 ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆሞ ቀርቷል፤ ምክንያቱም የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን በሾፌሩ ክፍል ውስጥ ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሾፌሮቹ ማኅበር ይህ የሁለተኛውን ሰው ሥራ ያስቀራል ብሎ ባቡሩን አላንቀሳቅስም አለ። ነሐሴ 10 ቀን 1975 በስዊንደንና በሬዲንግ መካከል በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ሮጦ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በዓመቱ ወደ ሙዚየም ተላከ።

ኤፒቲ-ፒ ከዚህ የተማረ፣ ነገር ግን ሌላ ባቡር ነው። የነዳጅ ዋጋ ከናረና ሌይላንድም ተርባይኑን ከተወ በኋላ ዕቅዱ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ፤ ስለዚህም ኤፒቲ-ፒ 25 ኪሎ ቮልት ከተሸከመ የራስጌ ሽቦ ውጪ መሄድ አይችልም፤ ቦታውም ከለንደን ዩስተን ወደ ግላስጎው የሚወስደው የምዕራብ ጠረፍ መስመር ነው። በታኅሣሥ 1979 በሰዓት 261 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ነገር ግን በታኅሣሥ 1981 ሕዝብ ማመላለስ በጀመረ በቀናት ውስጥ በብርድና በማዘንበያው ብልሽት ምክንያት ከአገልግሎት ወጣ፤ ጋዜጦችም መሳለቂያ አደረጉት። በ1984 ያለ ጫጫታ ተመልሶ ከዩስተን ግላስጎው በ3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እንደ ገባ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በ2021 አንድ ፔንዶሊኖ፣ ማለትም ዛሬ በዚያው መስመር የሚሄድ የሚያዘነብል የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ይህን ጊዜ ለመስበር ሞክሮ በ21 ሰከንድ ብቻ ሳይሳካለት ቀርቷል። «ከሸፈ» ለተባለ ባቡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ለገዢው ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ሽቦ። ኤፒቲ-ፒን ገዝቶ የራስጌ ሽቦ በሌለው የሞዴል መስመር ላይ ማስኬድ በርግጥ ይቻላል፤ ሞዴሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከሐዲዱ ስለሆነ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ለዓይን ግን ፓንቶግራፉን (ከሽቦው ኃይል የሚቀበለውን የጣሪያ ክንድ) ባዶ አየር ላይ ዘርግቶ የሚሄድ ባቡር ዘወትር የሚጎረብጥ ነው፤ ሽቦውን ከነምሰሶው መሥራት ደግሞ ራሱን የቻለ የብዙ ወራት ሥራ ነው። ኤፒቲ-ኢ ይህን ዕዳ አያሸክምም። በሰባዎቹ አጋማሽ የተቀመጠ ማንኛውም የደርቢ አካባቢ መስመር፣ ወይም ሙከራው በብዛት ይካሄድበት የነበረው የኦልድ ዳልቢ መስመር፣ ያለ አንዳች ሰበብ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ ብዙ ገዢዎች ዕቃው ቤታቸው ከገባ በኋላ የሚደነግጡትም በዚህ ነው። ሙሉው ኤፒቲ-ፒ 14 ፉርጎ ነበረው። አንዱ ፉርጎ በእውነታው 21 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሞዴል 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣዋል፤ 14ቱ ሲደረደሩ ከ3 ሜትር ከ80 የማያንስ ባቡር ይሆናል፤ ይህም በአማካይ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ማለት ነው። ሆርንቢ ይህን ስለሚያውቅ ባለ 5 እና ባለ 7 ፉርጎ ጥቅል አዘጋጅቶ ተጨማሪዎቹን ለብቻ ሸጧል። ባለ 5ቱ 1 ሜትር ከ40 ያህል ርዝመት ስላለው በብዙዎች ጠረጴዛ ላይ ይበቃል፤ ሆኖም በዘመኑ ዩስተንን ያየ ሰው ተቆርጦ የቀረ ባቡር መሆኑን ወዲያውኑ ይለየዋል። ኤፒቲ-ኢ በአንጻሩ ከአንድ ሜትር ጥቂት ዘለል ያለ ሲሆን አራቱ ፉርጎዎች ሙሉው ባቡር ናቸው፤ የሚጨመርም የሚጎድልም የለም። በእኔ ግምት የራፒዶው ሞዴል ትልቁ ብልጫ ይኸው ነው፤ በትንሽ ቦታ ላይ ሳይዋሽ የሚቆም ፈጣን ባቡር ማግኘት በዚህ መጠን ብርቅ ነውና።

ማዘንበሉ

ሰው ስለ እነዚህ ባቡሮች የሚያወራው በማዘንበላቸው ስለሆነ ነገሩ ረጋ ብሎ መታየት ይገባዋል። በእውነተኛው ባቡር ላይ መታጠፊያውን የሚለየው ዳሳሽ ሲሆን የሃይድሮሊክ ክንድ የፉርጎውን አካል እስከ 9 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል። ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ሲተላለፉ እንዳይነካኩ የፉርጎው የላይኛው ክፍል ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ የኤፒቲ መልክ ከሌሎች ባቡሮች የተለየ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። በሞዴሎቹ ላይ ዳሳሽም ሃይድሮሊክም የለም። ፉርጎዎቹ የተያያዙበት የመንኮራኩር ክፈፍ በመታጠፊያ ላይ ሲዞር፣ ያው መዞር በቀላል ዘዴ አካሉን ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ የማዘንበሉ መጠን የሚወሰነው በፍጥነት ሳይሆን በመታጠፊያው ጥበት ነው፤ ቀስ ብሎ ጣቢያ የሚገባ ባቡርም መታጠፊያው ጠባብ ከሆነ ያለ ይሉኝታ ያዘነብላል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልብ ይሏል። በብዙ የጀማሪ ጥቅሎች ውስጥ የሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው መታጠፊያ ከመካከሉ እስከ ሐዲዱ 438 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ወደ እውነተኛው መጠን ብንመልሰው 33 ሜትር ይሆናል፤ ፈጣን ባቡር ይቅርና ማንኛውም የዋና መስመር ባቡር የማይደፍረው መታጠፊያ ነው። በእንዲህ ያለ ሐዲድ ላይ ማንኛውም የሚያዘነብል ሞዴል በተጋነነ ሁኔታ ይጋደማል፤ የአካሉ ግርጌም ወደ ውጭ ስለሚወጣ የመድረክ ጠርዝ ወይም የዋሻ አፍ ሊነካ ይችላል። ዓይንን የሚያስደስተው ማዘንበል የሚታየው መታጠፊያው ከ572 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአራተኛ ደረጃ፣ እየሰፋ ሲሄድ ነው። እንደ ተፈለገው በሚታጠፍ ሐዲድ የተነጠፈ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መታጠፊያ ያለው ሰው በሁለቱም አዳዲስ ሞዴሎች ይረካል፤ ረጅሙ ኤፒቲ-ፒ ፉርጎ ከፉርጎ ተከታትሎ ሲጋደም የሚፈጥረውን ማዕበል ደግሞ ባለ አራት ፉርጎው ኤፒቲ-ኢ ሊሰጥ አይችልም። መታጠፊያው ጠባብ ለሆነበት ሰው ግን አጭሩ ባቡር ጥፋቱም አጭር ነው።

አንድ ችግር ሁሉንም ይመለከታል። ፉርጎዎቹ በጋራ የመንኮራኩር ክፈፍ የተያያዙ በመሆናቸው እንደ ተራ ባቡር አንዱን አንስቶ ሌላውን መተው አይቻልም። በየጊዜው ከሳጥን እያወጣ የሚያስኬድና መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው በዚህ ይሰለቻል፤ መስመሩ ቋሚ ለሆነለት ግን አንድ ጊዜ ሐዲድ ላይ ካረፈ በኋላ ነገሩ ይረሳል። በኤፒቲ-ፒ ላይ ኃይል ሰጪው ፉርጎ መካከል ላይ መሆኑ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ የሆነው በእውነታው ሁለት ፓንቶግራፍ ጫፍና ጫፍ ላይ ሆነው ሽቦውን እንዳያናውጡት ነው። በሞዴል ላይ ግን ከፊት ያሉት ፉርጎዎች የሚገፉ፣ ከኋላ ያሉት የሚጎተቱ ይሆናሉ፤ የሚገፋ ፉርጎ ደግሞ በትንሹ የተዛነፈን የሐዲድ መጋጠሚያ ይቅር አይልም።

ስለ አሮጌው ሆርንቢ

የ1980ዎቹ ኤፒቲ-ፒ ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ብቻ ነው። ቅርጹ ለዘመኑ ጥሩ ነበር፤ ያዘነብላልም። ዝርዝሩ ግን ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም፤ መንኮራኩሩ ሐዲድ እንዲይዝ የተደረገበት የጎማ ቀለበት በዕድሜ ይደርቃል፤ የፕላስቲኩ ቀለምም ሊወይብ ይችላል። ለዲጂታል መቆጣጠሪያ ስላልተዘጋጀ ዲኮደር (ዲጂታል ትእዛዙን የሚቀበለውን ትንሽ ሰሌዳ) ለማስገባት ሽቦ መበየድ ግድ ይላል። በልጅነቱ በሱቅ መስኮት ያየውንና ያልተገዛለትን ባቡር የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ይገዛዋል፤ እኔም አልከለክለውም። ባቡሩን ራሱን ለሚፈልግ ግን አዲሱ እያለ አሮጌውን መግዛት ቁጠባ አይደለም።

በድምፅ በኩል ብዙ የሚባል የለም። የራፒዶው ኤፒቲ-ኢ ድምፅ ያለውና የሌለው ሆኖ ወጥቷል፤ የተርባይን ፉጨት ከናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ድምፅ ያለውን ቢመርጥ አይጸጸትም። ኤሌክትሪክ ባቡር በተፈጥሮው ጸጥተኛ ስለሆነ ለኤፒቲ-ፒ ድምፅ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ያን ያህል አያጓጓም።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፦ መስመሩ አጭር ለሆነ፣ የራስጌ ሽቦ ለሌለው፣ ወይም ከባቡሩ ይልቅ የሙከራውን ታሪክ ለሚወድ ሰው ኤፒቲ-ኢ ይሻለዋል፤ ዋናውም ዛሬ በሺልደን ሙዚየም ስለሚገኝ ሞዴሉን ከእውነተኛው ጋር ማስተያየት ይችላል። ኤፒቲ-ፒ የሚገባው ሰፊ መታጠፊያና የተዘረጋ ሽቦ ላለው፣ ቢያንስ ሰባት ፉርጎ የሚያስኬድበት ቦታ ለሚያገኝ ሰው ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ማመሳከሪያው በክሩ ከተማ የቅርስ ማዕከል ቆሟል። ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ ማስኬድ በታሪክ ትክክል አይደለም፤ አንዱ ሙዚየም ከገባ በኋላ ነው ሌላው ሐዲድ የወጣው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ነገር ይሞከር። 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ካርቶን በፉርጎ ስፋት ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎቹ በሐዲዱ መካከል እንዲውሉ ሆኖ በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ይጋደም፤ ከዚያም መካከሉ ወደ ውስጥ፣ ማዕዘኖቹ ወደ ውጭ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወጡ ይለካ። ካርቶኑ መድረኩን ወይም ጎረቤት ሐዲዱን ከነካ፣ የሚያዘነብለው ባቡር ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል።