ከብትን በብረት መተኮስ ወይስ የጆሮ ቁጥር?

በጎንደር ዙሪያ ከብቱ ከመንጋ እንዳይቀላቀልበትና እንዳይሰረቅበት ምልክት የሚያደርግ ገበሬ ልክ ነው። ጥያቄው ምልክቱ የሚደረግበት መንገድ ነው።

የጋለ ብረት የጠጉሩን ሥር ሳይቀር ያቃጥላል። ቁስሉ እስኪድን 8 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከዓመታት በኋላ በዚሁ ጠባሳ ላይ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር የወጣባቸው ከብቶች በእንስሳት ሕክምና ተመዝግበዋል። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ቢሆንም በጠባሳው ላይ የማይሽር፣ የሚደማ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ያየ ባለቤት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይጥራ እንጂ ተራ ቁስል ነው ብሎ አይተወው። ዳሌ ላይ ሲተኮስ ደግሞ ምርጡ የቆዳ ክፍል ስለሚበላሽ ዋጋው ይወድቃል።

የጆሮ ቁጥር፣ ማለትም ጆሮ ተበስቶ የሚንጠለጠለው ባለ ቁጥር ምልክት፣ የሚያሳምመው ለአጭር ጊዜ ነው። ቁጥቋጦ ይዞት ሊቀደድ፣ ሌባም ሊቆርጠው መቻሉ እውነት ነው፤ መብሻው ካልጸዳም ጆሮው ይመግላል። በሁለቱም ጆሮ ማድረግና የከብቱን መልክ በደብተር መመዝገብ ግን ችግሩን በእጅጉ ያቃልለዋል። ለዓመታት ለምትታለብ የፎገራ ላም እኔ ያለማመንታት የጆሮ ቁጥርን እመርጣለሁ። ብረቱን የግድ የሚል ሰው ቢያንስ ዳሌዋን ይተውላት፤ ከጉልበት በታች ይተኩስ።