አሥራ አራት ወር ከባክአፕ ተቆጣጣሪ ስክሪፕት ጋር

የምሠራበት ድርጅት በሁለት የፕሮክስሞክስ (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽኖች የሚያካፍል ሶፍትዌር) ሰርቨሮች ላይ 11 ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች፣ አሉት። ሒሳቡም፣ የመጋዘን መዝገቡም፣ የሠራተኛው ፋይልም እዚያ ነው። ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራው) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይጀምራል፤ ሳይሳካ ሲቀር ኢሜይል ይመጣል። ኢሜይል ካልመጣ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ለዓመታት በሰላም ተኝቻለሁ።

ከዚያ አንድ ሰሞን መብራት ሌሊት ሌሊት ይጠፋ ጀመር። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ (ዩፒኤሱ) ሲያልቅ ሰርቨሮቹ ይዘጋሉ፤ የባክአፑም ሰዓት ያልፋል። ያልተጀመረ ሥራ ደግሞ “አልተሳካሁም” ብሎ አይጽፍም። አምስት ሌሊት ያለ መጠባበቂያ ማለፋቸውን ያወቅሁት ለሌላ ጉዳይ የፋይሎቹን ዝርዝር ስከፍት ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ድንጋጤ እስካሁን አልረሳሁትም። (ፕሮክስሞክስ ያመለጠውን ሥራ ሰርቨሩ ሲነሣ እንዲያካክስ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ ካልመረጡት ግን አይሠራም።)

ሰርቨሮቻችንን አይሲንጋ በሚባል የክትትል ሶፍትዌር እንከታተል ስለነበር ለባክአፑም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ፕለጊን (አይሲንጋ እየጠራ የሚያሠራው ተጨማሪ ስክሪፕት) ጻፍኩ። አይሲንጋ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ናጊዮስ ከሚባለው ቀደምት የክትትል ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ የፕለጊን ሥርዓቱን ግን እንዳለ ወርሶታል። ስክሪፕቱ አንድ መስመር ጽፎ አንድ ቁጥር መልሶ ይወጣል፤ 0 ደህና (አረንጓዴ)፣ 1 ማስጠንቀቂያ (ቢጫ)፣ 2 አደጋ (ቀይ)፣ 3 አይታወቅም (ወይን ጠጅ)። ይህን ቀላልነት እወደዋለሁ። ማንኛውም ባልደረባዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንብቦ ሊረዳው ይችላል።

የእኔ ስክሪፕት የሌሊቱ ሥራ ተሳካ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የእያንዳንዱ ማሽን የመጨረሻ ቅጂ ስንት ሰዓት ሆነው ብሎ ነው። ከ26 ሰዓት ካለፈ ቢጫ፣ ከ50 ሰዓት ካለፈ ቀይ። የማሽኖቹን ዝርዝር በእጅ አልጻፍኩለትም፤ በየጊዜው ከፕሮክስሞክስ ራሱ ይወስዳል። በአራተኛው ወር አንድ ባልደረባዬ አዲስ ማሽን ሠርቶ ወደ ባክአፑ ማስገባቱን ሲዘነጋ፣ ማንም ሳይነግረን በማግስቱ ቀይ ሆኖ ጠበቀን።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገሩኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። ለስክሪፕቱ የሰጠሁት ቶከን (የመግቢያ ቁልፍ) ፈቃዱ አነስተኛ ስለነበር ፕሮክስሞክስ በስሕተት መልእክት ፈንታ ባዶ የቅጂ ዝርዝር ይመልስለት ነበር፤ 11ዱም ማሽኖች ባክአፕ የሌላቸው መስለው ቀይ ሆኑ። “ቅጂ አላገኘሁም” የሚለውን መልስ ከ3 ወደ 2 ያዛወርኩት ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ስለነበር በጀ። ወይን ጠጁን ቀለም ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ ቀዩን አያልፍም። ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ቅጂዎቹን የሚያስቀምጠው የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር በቅጂው ስም ውስጥ ያለውን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይጽፈዋል፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። ስክሪፕቱ ስሙን እንደ አገር ሰዓት ስላነበበው ጤነኛው ቅጂ ሁሉ በ3 ሰዓት ያረጀ እየመሰለ በየሌሊቱ ቢጫ ይበራ ነበር።

ዋናው ትምህርት የመጣው በዘጠነኛው ወር ነው። የመጋዘኑ ማሽን ዲስክ ሲሞላ ሁለተኛ ዲስክ ጨምረን ዳታቤዙን ወደዚያ አዛወርነው። ዲስኩ ሲጨመር ግን “ባክአፕ” የሚለው ምልክት ተነሥቶ ነበር። ባክአፑ በየሌሊቱ ይሳካል፣ ቅጂው ሁልጊዜ አዲስ ነው፣ ስክሪፕቴም አረንጓዴ ነው። ለሙከራ ቅጂውን በሌላ ሰርቨር ላይ ስንመልሰው ማሽኑ ተነሣ፤ የዳታቤዙ ዲስክ ግን የለም። የባክአፑ መዝገብ ዲስኩን እንደዘለለው በየሌሊቱ ጽፎት ነበር፤ ያነበበው ሰው አልነበረም። ሙከራ ባይሆን ኖሮ የስንት ወር የመጋዘን መዝገብ እንደሚጠፋ ሳስበው አሁንም ይከብደኛል። በዚያው ቀን ስክሪፕቱ የየማሽኑን ቅንብር እያነበበ ከባክአፕ የተዘለለ ዲስክ ሲያገኝ ቢጫ እንዲያበራ አደረግሁ። ካሉት መስመሮች ሁሉ ዋጋቸው የሚበልጥብኝ እነዚያ ስድስቱ ናቸው።

አይሲንጋን ራሱን ከቨርቹዋል ማሽኖቹ መካከል አስቀምጬው ነበር፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ጠባቂውም አብሮ ይወድቃል። አሁን የራሱ ዩፒኤስ ባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማንቂያው በቴሌግራም ይመጣል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስለማይደርስ ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው የአይሲንጋን ገጽ ነው።

ለሌላ ሰው እመክረዋለሁ ወይ? አዎ፣ ሳላመነታ፤ አረንጓዴው ቅጂ መኖሩን እንጂ ቅጂው ተከፍቶ መሥራቱን እንደማይናገር ከተረዳ። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንድ ማሽን ከቅጂው እያስነሣን ዳታቤዙን ከፍተን የመጨረሻውን መዝገብ እናያለን። የዚህ ወር ተረኛ የሒሳቡ ማሽን ነው።